የሽኮኮዎቹ ጠባብ በር

ልጆች፣ ተረት ተረት! “የሽኮኮ ቤት!” በሉኝ እንጂ፤ ምነው ዝም አላችሁ?

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ሽኮኮዎች በአንድ ገደል ሥር ይኖሩ ነበር። ቤታቸው የድንጋይ ስንጥቅ ነው። ንስር እንዳይገባባቸው በሩ ጠባብ ነበር። ከእነሱ መካከል አንዲት እናት ኩኩሻ የሚባል ልጅ ነበራት። በገደሉ ላይ ንቦች ማር ይሠራሉ። እናት ግን “ማር ለዓውደ ዓመት፣ ቅጠል ለዘወትር!” ትላለች። ኩኩሻ ቢያለቅስ፣ መሬት ላይ ቢንከባለል፣ እሷ ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን እናት ቅጠል ልትለቅም ስትወጣ አክስት መጣች። ልጅ ያለበት ቤት ባዶ እጅ ይገባል እንዴ? አይገባም! ማር በቅጠል ጠቅልላ ይዛለች።

“ና የኔ ጌታ፣ ላስልስህ። ለእናትህ እንዳትነግር!”

“እሺ አክስቴ” አለና ላሰ።

አክስት ስትወጣ አጎት ገባ።

“ና ጎበዝ! እናትህ ደግሞ ታካብዳለች። ትንሽ ማር ማንን ገደለ? ብቻ እንዳትነግራት!”

“እሺ አጎቴ” አለና ላሰ።

አጎት ሲወጣ አያት ገባች።

“የልጄ ልጅ፣ አንጀቴን በላኸው እኮ! ቅጠል ብቻ? እንካ ላስ፤ ለእናትህ እንዳትነግር!”

“እሺ እማማ” አለና ላሰ።

ይኸው በየቀኑ ሆነ። አንዱ የሌላውን አያውቅም። ማታ እናት ቅጠል ስታቀርብለት “ጠግቤያለሁ” ይላል። ታመመብኝ ብላ ትጨነቃለች። እሱ ግን ይወፍራል! ሳይበላ የሚወፍር ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሁሉም ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ንስር መጣ! ዘመድ ሁሉ ሮጦ ገባ። ኩኩሻም ጭንቅላቱን አስገባ፤ ሆዱ ግን እምቢ አለ። ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ልጁ በር ላይ ተቀረቀረ፤ እናቱ ደግሞ ከኋላው ደጅ ቀረች።

“አንተ በር፣ ምነው ዛሬ ጠበብክብን?” ብላ ጮኸች።

“እኔማ የትናንቱ ነኝ” አለ ድንጋዩ። “ልጅሽን ጠይቂው።”

አንዴ ገፋችው፣ አልገባም። ሁለቴ ገፋችው፣ አልገባም። ንስሩ ወርዶ ጀርባዋን በጥፍሩ ቦጨቀው። በሦስተኛው እሪ ብላ ስትገፋው ልጁ ዘው አለ፤ እሷም ተከትላው ገብታ ወደቀች።

ደሟ ሲፈስ አይተው ሁሉም ክው አሉ።

“ልጄ፣ ምን በልተህ ነው?” አለችው እናት።

“ማር። አክስቴም፣ አጎቴም፣ እማማም ያልሱኛል” አለ እያለቀሰ።

“እኔ የሰጠሁት ትንሽ ነው!” አለች አክስት።

“የኔም ትንሽ ነው!” አለ አጎት።

አያትም “የኔም…” ብላ ጀመረች። የልጇን የተቦጨቀ ጀርባ ስታይ ግን አፏን በእጇ ያዘች።

“የሦስታችሁ ትንሽ ልጄን በንስር ሊያስበላብኝ ነበር!” አለች እናት።

አያችሁ ልጆች? እናንተም ትልልቆች፣ ስሙ፦ ልጅን የወደደ፣ እናቱን ያስፈቅድ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አታብሱ!