የቀጋ ጆሮ

ከታላቁ ወንዝ ወዲህ ባለው ጫካ ሰላም ነበር። ሰላም ማለት አንበሳ ሲበላ ሌላው ዝም ማለቱ ነው፤ ዝምታውም በደንብ ይከበር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ደም ይታያል፣ አሞሮች ይዞራሉ፣ ሚዳቋዎችም የጎደለባቸውን ልጅ ስም ሳይጠሩ ወደ ግጦሽ ይወርዳሉ። ሁሉም የለመደው ኑሮ ነበርና ማንም አገሩ ተረበሸ አይልም።

አንድ ዓመት ግን ድርቅ ገባና የሚበላው እያነሰ ሄደ። አንበሳ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ስለ ሕዝቡ ብዙ አሰበ፤ በተለይም ስለ ነገ ቁርሱ አሰበ። ከዚያም ጉባኤ ጠርቶ አዲስ ሕግ አወጀ። ሥጋ በላ የሆነ ሁሉ እንደ ልቡ ይገድላል፤ ነገር ግን በገደላት ነፍስ ፋንታ ልትሞት የነበረች ሌላ ነፍስ ያተርፋል። ይህ ማካካሻ ተባለ። የተረፈው እንስሳ ለምልክት ግራ ጆሮው ይሰነጠቃል።

«አንድ ሞተ፣ አንድ ተረፈ። ጫካችን ምንም አልጎደለበትም» አለ አንበሳ። ጉባኤው በሰኮናው መሬቱን እየደበደበ ደስታውን ገለጸ።

ነፍስ ማትረፍ ጊዜ ስለሚወስድ ሥጋ በሎቹ ራሳቸው አልሞከሩትም። ቀበሮ የጆሮ ሹም ተብሎ ተሾመ። ገዳይ የሆነ ሁሉ ከግዳዩ አንድ ታፋ ይልክለታል፤ ቀበሮም በላኪው ስም ግልገል ፈልጎ ያተርፍና ጆሮዋን በጥርሱ ይሰነጥቃል። ማትረፉን ማንም አላየም፣ መሰንጠቁን ግን ሁሉም አይቷል። ነብር ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ እንደ ተስተካከለለት ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር፤ ቀድሞም እንቅልፍ አጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እመት ሚዳቋ የበኩር ልጇን የወለደችው በዚያው ዓመት ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ የቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለ ወለደቻት ስሟን ቀጋ አለቻት። እሾሁ የገባበትን ሁሉ ስለሚቦጫጭር ነብር እንኳ ያንን ቦታ በሩቁ ያልፈዋል። ቀበሮ ግን ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ ገባ።

«እመት ሚዳቋ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጅሽ ከዛሬ ጀምሮ በንጉሡ ምሕረት ትኖራለች። እስቲ ጆሮዋን ወዲህ በይልኝ።»

ቀጋ ጮኸች፤ ደሟ እናቷ አፍንጫ ላይ ተረጨ። እናትየው ግን ያለቀሰችው በደስታ ነበር። እሷ ስድስት እህቶቿን በየተራ ተበልተው ያየች ናት፤ አሁን የቀረቻት አንዲት ታናሽ እህት ብቻ ነች። ልጇ እንዳትበላባት ካልሆነ በቀር ከዚህ ዓለም ሌላ የምትፈልገው አልነበረም።

እናቶቹ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ስንጥቅ ካዳነ ሁለት ስንጥቅ የበለጠ ያድናል አሉ። ማንም አልነገራቸውም፤ ማንም አልከለከላቸውም። ሣር እየነጩ «የኔዋ ሦስት ደረሰላት፣ ያንቺዋስ?» ይባባሉ ጀመር። እመት ሚዳቋም ከማን አንሼ ብላ ልጇን እየጎተተች ቀበሮ ጉድጓድ ደጃፍ ትመላለስ ነበር። «እባክህ፣ አንድ ጨምርላት» ትለዋለች። ቀበሮም ደግ ነውና እምቢ አይልም። ሰባተኛው ስንጥቅ ሲደርስ የቀጋ ጆሮ ነፋስ የቦጨቀው የኮባ ቅጠል መሰለ። እናቷ በዚያ ቀን የተኛችውን ያህል በዕድሜዋ ተኝታ አታውቅም።

በማግሥቱ እመት ሚዳቋ ከታናሽ እህቷ ጋር ወንዝ ወረደች። እህቷ አንገቷን ወደ ውኃው ስትዘረጋ ነብር ከሾላ ዛፍ ላይ ወረደባት። ማጅራቷን ይዞ አንድ ጊዜ አወዛወዛት፤ አጥንቷ ሲሰበር ተሰማ። እግሮቿ ግን ገና መሸሻ ይፈልጉ ነበርና አሸዋውን እየጫሩ ቆዩ። ነብር ሆዷን ዘርግፎ በልቶ ቀና ሲል እመት ሚዳቋን አያት።

«አይዞሽ፣ ጠግቤያለሁ» አላት አፉን እየላሰ። «ደግሞ ስለ እህትሽ አትዘኚ፤ ማካካሻዋ አስቀድሞ ተከፍሏል። ቀበሮ ትናንት ልጅሽ ጆሮ ላይ ሰንጥቆልኛል።»

«የልጄ ጆሮ?»

«ሰባተኛው የኔ ነው። የመጀመሪያው የንጉሡ፣ ሦስቱ የአያ ጅብ፣ የቀሩትን አላውቅም። ምን ዓይነት የተባረከች ልጅ ናት በይ!»

ያን ስንጥቅ ለምና ያስደረገችው ራሷ ነበረች። እመት ሚዳቋ እህቷ ደም ውስጥ ቆማ ይህን አሰበች፤ ካሰበችውም በኋላ ማልቀስ አልቻለችም። ልጇን ከቁጥቋጦው አውጥታ ወደ ዋርካው ሄደችና ጉባኤ ይጠራልኝ አለች።

ጉባኤው ተሰበሰበ። ሚዳቋ ልጇን መሀል አቁማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። «ንጉሥ ሆይ፣ በዚህች ጆሮ ሰባት ሞተዋል። የተረፉት ስድስቱ የት እንዳሉ ይንገሩኝ» ብላ ጨረሰች። አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። ያን ጊዜ አባ ጃርት ተነሣ። አባ ጃርት ሽማግሌ ነው፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይናገርም፤ ለመብላትም አይመችምና ከሌላው ይልቅ ደፋር ነው።

«ቀበሮ፣ ይህችን ልጅ ጆሮዋን ባትሰነጥቃት ኖሮ ማን ይበላት ነበር?»

«ማንም ሊበላት ይችል ነበር።»

«ከቀጋው ውስጥ ገብቶ? አንተው ራስህ ሦስት ቀን ሙሉ ከሆድህ እሾህ ስትለቅም አይተንህ የለም ወይ? ማንም ሊበላት ያልመጣባትን ልጅ አተረፍኩ ብለህ ታፋ በላህ። ለመሆኑ አምና የሰነጠቅሃት የድኩላ ልጅ የት አለች?»

«በመስከረም አያ ጅብ በልቷታል።»

«ስንጥቋስ?»

«ስንጥቁማ እንደ ጸና ነው» አለ ቀበሮ፣ ነገሩ እንደ ገረመው ሁሉ።

አያ ጅብ ስሙ በመነሣቱ ተቆጣ። «እኔ ከመስከረም ወዲህ በወንዙ በዚህ ማዶ አንዲት ነፍስ አልነካሁም!»

«በወዲያኛው ማዶስ?»

«በወዲያኛው ማዶ ሕግ የለም እኮ!»

«ይኸውላችሁ» አለ አባ ጃርት። «ወዲህ የተረፈው ወዲያ ይበላል፤ የተረፈውም ከርሞ ይበላል፤ ታፋውን የሚበላውም ቀበሮ፣ ማትረፉን የሚመሰክረውም እሱ። ንጉሥ ሆይ፣ ሁለቱ አንድ አፍ ሊሆኑ አይገባም።»

አንበሳ ብድግ አለ። «በስሜ ተቀልዷል!» ሲል ዋርካው ተንቀጠቀጠ። ቀበሮ አንድ ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሳይጨርሰው አያ ጅብና ነብር በሁለት በኩል ያዙት። አንዱ ወገቡን፣ አንዱ አንገቱን ሳበ። ቆዳው ሲቀደድ ለኋለኞቹ ሳይቀር ተሰማ፤ አንጀቱ አባ ጃርት እግር ሥር ወደቀ። ሥጋ በሎቹ በላኩት ታፋ የወፈረውን ሆድ መልሰው በሉት። ጉባኤው እልል አለ። እመት ሚዳቋም እልል ልትል ከጅሏት ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ማካካሻ በእውነት ይሆናል» አለ አንበሳ አፉን ጠርጎ። «አንድ ጆሮ፣ አንድ ስንጥቅ። የተረፈችው ነፍስ በርግጥ ልትሞት የነበረች መሆኗን ጉባኤው በዓይኑ ያያል። ልጅቱን አምጡ።»

አያ ጅብ ቀጋን ገፍትሮ ጣላት። አንበሳ መዳፉን አንገቷ ላይ ጫነና ጥፍሩን አወጣ። ደሟ በአንገቷ ወረደ፣ ምላሷ ወጣ፣ ዓይኗ ተገለበጠ። እናቷ ወደ ፊት ዘለለች፤ ነብር በአንድ ጥፊ መለሳት።

«አሁን ልትሞት ነው። ታያላችሁ?»

«እናያለን» አለ ጉባኤው።

አንበሳ መዳፉን አነሣ። «አሁን ደግሞ ተረፈች። ከንግዲህ ማንም አይጠራጠር፤ የመጀመሪያው ስንጥቅ ለኔ ጸንቷል። እኔም ዛሬ ማታ የምበላውን በንጹሕ ልብ እበላለሁ። በሉ፣ ቀጣዩ!»

ከኋላ ግርግር ተነሣ። እመት ሚዳቋ ዞር ስትል እናቶቹ ልጆቻቸውን እየገፉ ሲሰለፉ አየች። የሜዳ አህያዋ ውርንጭላዋን ይዛ ከፊት ነበረች። «እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት!» እያለች ከድኩላይቱ ጋር ትጣላለች። አባ ጃርት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ነገር ግን ምንም አልተናገረም።

እመት ሚዳቋ ወደ ልጇ ሄደች። አንገቷን ላሰችላት፣ ደሙን ጠረገችላት፤ ከዚያ ግራ ጆሮዋን ከሥሩ ነከሰች። የሚዳቋ ጥርስ ለሣር እንጂ ለሥጋ የተሠራ አይደለምና በአንድ ጊዜ አልቆረጠላትም። ቀጋ እየጮኸች ስትፈራገጥ እናትየው ዓይኗን ጨፍና አኘከች፣ ጎተተች፣ ደግማ አኘከች። በመጨረሻ ራሷን ቀና አድርጋ የተቦጫጨቀውን ጆሮ አንበሳ ፊት ተፋችው።

«በልጄ ጆሮ ከንግዲህ ማንም አይሞትም» አለች፣ ከአፏ የልጇ ደም እየተንጠባጠበ። «ልትበላት ትችላለህ፤ አቅም የለኝም። ከበላሃት ግን አንተ ራስህ በላሃት፣ አለቀ።»

ንጉሡን በአንተ የጠራ በዚያ ጫካ አልነበረም። አንበሳ የሚስቅለት ፈልጎ ወደ አያ ጅብ አየ፤ አያ ጅብ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሰልፉም ቆመ፤ የቀጋ ማቃሰት ብቻ ይሰማ ነበር።

የሜዳ አህያዋ ከሰልፉ ፊት ቆማ ለብዙ ጊዜ ሚዳቋዋን ተመለከተች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ ጥርሷን ገልጣ፣ ወደ ውርንጭላዋ ግራ ጆሮ ጎንበስ አለች።