የስንዴ አራሹ ስለት

አንድ ሰው ነበረ፤ ስንዴ አራሽ። እናኑ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ያሳደገችኝን አክስቴን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር በነገር አቁስላ ትሰደኛለች፤ ልቅር ብል ደግሞ ውለታ ቢስ መባሌ ነው፤ አባቴ፣ ምን ይሻለኛል?» ነው ያልሽኝ። የንስሐ አባትሽ ነኝና ቶሎ ብዬ «ታገሺ» ማለት አይከብደኝም ነበር። ግን ይህን ሰውዬ አስታወስሽኝ። እስቲ ቁጭ በይ።

ሰውየው ደገኛ ነው። አገሩ ከስንዴና ከገብስ በቀር ሌላ እህል እምብዛም አያውቅም። አባቱ የሞተበት ገና የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ነው፤ እናቱ በአንዲት ጥማድ የስንዴ ማሳ አሳደገችው፣ በዚያችው ስንዴ ዳረችው። ስለዚህ ስንዴ ለእሱ እህል ብቻ አልነበረም። እንግዳ ቤቱ ገብቶ ዳቦ ሳይቆርስ ከወጣ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ስለ ስንዴ ክፉ የሚናገር ሰው ቢገጥመው ካራሽነት ወደ ጠበኛነት ለመዞር ጊዜ አይፈጅበትም ነበር።

ባርባ ዓመቱ ገደማ ቆዳው ከዳው። በክርኑ፣ በጉልበቱ፣ በመቀመጫው ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች እየተሰበሰቡ ይወጣሉ፤ ያቃጥሉታል፣ ያሳክኩታል፤ ሲያካቸው ይፈነዳሉ፣ ይቆስላሉ፤ አንዱ ሳይሽር ሌላው ይተካል። አንዱ «ችፌ ነው» አለው፤ ሌላው «ምች ነው» አለው፤ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሰው ዓይን ነው» አለው። ቅቤ ተቀባ፣ ሬት ተቀባ፣ ዳማከሴ ታሸበት። መካሪው ሁሉ አዋቂ ነበር፤ የሚያሽር ግን ጠፋ።

ከሁሉ የጎዳው ታዲያ ማሳከኩ አልነበረም። በማኅበሩ ገበታ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ታጣ። አብሮ አደግ ጎረቤቱ ሳይቀር እጁን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ሌላው ትሪ ሲጠጋ በዓይኑ አየው። ቤቱ ገብቶ አለቀሰ። እንግዲህ ከሰው ገበታ ልወጣ ነው ብሎ ፈራ።

በመጨረሻ ከሚስቱ ጋር ቆላ ወርዶ ጠበል ገባ። ቆላው ስንዴ አያበቅልም፤ ሁለት ወር ሙሉ የማሽላ እንጀራና የሽምብራ ቆሎ እየበሉ ቆዩ። ቁስሉ ደረቀ፣ ማሳከኩም ተወው። የሰውየው ደስታ ልክ አልነበረውም። «ፈጣሪዬ፣ ምን ልክፈልህ?» ብሎ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሳያመው መሬት ሲነካ ከስንት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያም ተሳለ፦ «አገሬ በሰላም ከገባሁ፣ ከእህሌ ሁሉ ምርጡን፣ ስንዴዬን፣ ድፎ ዳቦ አስደፍቼ እዘክርሃለሁ።»

ገባ፤ ዘከረ። በአገሩ ልማድ የዝክሩ ዳቦ ተባርኮ ሲቆረስ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚበላው ባለስለቱ ራሱ ነው። በላ፤ የገብሱን ጠላም ጠጣ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ዱሮው በየቀኑ ስንዴውን ይበላ ጀመር። ወር ሳይሞላው ሽፍታው ተመለሰ።

ታዲያ ምን አሰበ መሰለሽ? «ስለቴ አንሶ ነው» አለ! ዳግመኛ ቆላ ወረደ፣ ዳነ፣ ወጣ፣ ሁለት ድፎ አስደፋ። ሽፍታውም ብሶበት መጣ። በሦስተኛው ዓመት አራት ድፎ አስደፋ፤ ያን ዓመት ክርኑ ቆስሎ እርፍ መጨበጥ አቃተው። ምስኪን፣ ምስጋናው በበዛ ቁጥር ቁስሉ በዛ። ልስቅበት እልና ሆዴ ይባባል።

ሚስቱ ግን ዝም ብላ ስታስተውል ከርማለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦ «አንተ ሰውዬ፣ ጠበሉ አላዳነህም አልልም፤ ከአፌ አይውጣ። ግን እዚህ የምትበላውን እዚያ አትበላም፤ እዚያ የምትበላውን ደግሞ እዚህ አትበላም። ይህን ነገር ሐኪም ይስማው።»

ጎትታ ከተማ ወሰደችው። የቆዳ ሐኪሙ ጠየቀ፣ ከቆዳው ቅንጣት ወስዶ መረመረ፣ ከዚያም «ሕመሙ በቆዳዎ ወጣ እንጂ ሥሩ ከሆድዎ ነው» አለው። «ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ነገር ሰውነትዎ እንደ ጠላት ይዋጋዋል። ለማሳከኩ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ስንዴና ገብስ ግን ይቅሩብዎ። ጤፉ፣ ማሽላው፣ በቆሎው፣ ሽምብራው አይጎዳዎትም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዕድሜዎ።»

ሰውየው ተቆጣ። «ያጎረሰኝን እጅ ልንከስ? ስንዴ ያሳደገኝ ሰውዬ ስንዴ አልበላም ብል የእናት ጡት ነካሽ አልባልም?»

«ስንዴን ይስደቡት መቼ አልኩ?» አለ ሐኪሙ። «አይብሉት ነው ያልኩት።»

ሰውየው መድኃኒቱን ተቀበለ። ከሚስቱ ጋር አገሩ ገባ።

የዝክሩ ቀን ደረሰ። ሚስቱ «ዘንድሮስ ቢቀር?» አለችው፤ «ስለት ነው፤ አይቀርም» አላት። ድፎው ተደፋ፣ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፣ ቄሱ ባርከው ቆረሱና የመጀመሪያውን ቁራሽ ዘረጉለት። ሁሉም ያየዋል። ሰውየው ብድግ አለ። በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ሳመው፣ ግንባሩን አስነካው። ከዚያ ሄደና በዚያ ከትሪው በሸሸው ጎረቤቱ መዳፍ ላይ አኖረለት።

«ወንድሞቼ፣ ይህ ስንዴ አሳድጎኛል» አለ። «እናቴ ከሰው በታች ሳታደርገኝ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። እስክሞት አርሰዋለሁ፣ እስክሞት አመሰግነዋለሁ። ሰውነቴ ግን አልቻለውም። ቁስሌ የመጣው ከዚህ ነው፤ ወደ ሰውም አይጋባም። እናንተ ብሉልኝ።»

አንድ ሽማግሌ «የገዛ ዳቦውን የማይበላ ባለስለት ዛሬ ገና አየሁ» ብለው አጉረመረሙ። ቄሱ ግን «ዝክር ለባለስለቱ ሆድ ነው እንዴ? ለተራበ ነው እንጂ! ብሉና መርቁት» አሉ።

ጎረቤቱ ቁራሹን ሳመው። ከዚያ በላው። ፈቀቅ ብሎም አጠገቡ ቦታ አወጣና «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አለው። ሚስቱ ለባሏ የጤፍ እንጀራ በሽሮ ስታቀርብለት፣ ጎረቤቱ ከዚያው ትሪ አብሮት ቆረሰ። ሰውየው እንባውን መግታት አቃተው። ሦስት ዓመት ዘክሯል፤ እንደዚያ ቀን ግን አመስግኖ አያውቅም።

ቆዳው ባንድ ጀምበር አልጠራም፤ መከር እስኪደርስ ቆይቷል። ግን ጠራ። ስንዴውን አሁንም ያርሳል፤ ይሰጣል፣ ይሸጣል፣ ለዝክሩም ያስደፋል። ለራሱ ግን አንዲት ቁራሽ አይቀምስም። ካደ የሚለው ሰውም የለም።

እንግዲህ እናኑ ልጄ፣ አክስትሽ ስንዴሽ ናት። ክፉ ናት አላልኩም፤ አንቺም ክፉ አይደለሽም፤ ገበታችሁ ግን አልተስማማም። አሳድጋሻለች፤ ይህን ማንም አይፍቀው። ከጓዳዋ እህል አይጉደል፣ ስትታመም አስታማሚ አይጥፋባት፣ ስሟ ሲነሳም መርቂያት። ምርር ያለ ቃሏን ግን እንደ ጉርሻ አፍሽን ከፍተሽ አትቀበዪ። መቁሰሉ ምስጋና መስሎሽ በየዓመቱ ድፎውን ስታበዢ ኖረሻል፤ አሁን ይብቃሽ። የሚገባትን በሰው እጅ ላኪላት፤ አንቺ ራቅ ብለሽ ዕድሜዋን ለምኚላት። ፈጣሪ እንደሆነ ምስጋናሽን እንጂ ቁስልሽን አልጠየቀሽም።