ከጉድጓዱ የወጣው እብነ በረድ

ሃያ ዓመት የደበቅሁትን ልናገር። ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ ለወረዳው አዳራሽ የሚሆን መሠረት እናስቆፍር ነበር። አንዱ ቆፋሪ ጽሑፍ ያለበት እብነ በረድ አገኘ። ማንበብ ስለማይችል፣ "ኢንጂነር፣ ምን ይላል?" አለኝ። እያፈርኩ በጆሮው አነበብኩለት።

ወዲያው አስተዳዳሪው የመሠረት ድንጋይ ሊያስቀምጡ ከነእንግዶቻቸው ደረሱ። ቆፋሪው ሥራ አቁሞ ሲያዩት ተቆጡ።

"አንተ ሰነፍ! አንድ ድንጋይ አቆመህ? አሁኑኑ ስበረው፤ አለዚያ ነገ እዚህ እንዳላይህ!"

"እኔስ እሰብረዋለሁ፣ ክቡርነትዎ። ግን ይሄ የዛሬ ስምንት ዓመት እርስዎ ራስዎ እዚሁ ያስቀመጡት የመሠረት ድንጋይ ነው። አዳራሹን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲቀርበት ጊዜ፣ በእርስዎ ፈንታ አፍሮ መሬት ገባ።"