የከረጢቱ እጣቢ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሰውን አይተው ማረስ በጀመሩበት ዘመን፣ እመት ዳለቻ የምትባል አህያ ከአያ ጅቦ መሬት ወስዳ የእኩል ታርስ ነበር። «አህያን ከጅብ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል ብልህ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ መሬቱ የእሱ፣ ጉልበቱ የእሷ። አያ ጅቦ ከአባቱ ሰፊ መሬት ሲወርስ ሥራ የሚባለውን ነገር አብሮ አልወረሰም። ዕድሜ ልኩን አጥንት ሲቆረጥም መንጋጋው ስለላላበት፣ አሁን አሁን የባቄላ ንፍሮ መውደድ ጀምሯል። «እኔ እንኳን ሥጋ ትቻለሁ» ይላል በየሄደበት፤ ይህን ባለ ቁጥር ግን ምራቁን ይውጣል።

ውሉን የተዋዋሉት ከዋርካው ሥር፣ በዳኛው በአንበሳ ፊት ነበር። ለጅብ ዋስ የሆነው ቀበሮ ነው። ቃሉም እንዲህ ይላል፤ ምርቱ ለሁለቱ እኩል ይካፈላል፤ መሬቱ እስከ ሦስተኛው መኸር ደህና ፍሬ ካልሰጠ ግን ባለመሬቱ ከአራሿ ቤት የወደደውን አንድ ነገር መርጦ ይወስዳል። እመት ዳለቻ ያን ጊዜ በቤቷ የነበራት አንድ እንስራና አንድ የተቀደደ ጆንያ ስለሆነ፣ ምን ቸገረኝ ብላ «እሺ» አለች። ድንቡሼ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው።

ድንቡሼ ውርንጭላዋ ነው። ስሙን ያወጣችለት በተስፋ ነበር፤ ድንቡሽቡሽነቱ ግን ከስሙ አልፎ ወደ አካሉ አልወረደም። ባቄላውን ይበላል፣ ሆዱ ይነፋል፤ ጎድኑ ግን ከሩቅ ይቆጠራል፣ ጠጉሩም ይረግፋል። እኩዮቹ ሜዳ ላይ ሲፈነጩ እሱ ከእናቱ ጥላ ሥር ተኝቶ ያያቸዋል።

ማሳውም ከውርንጭላው አይሻልም ነበር። ባቄላው ይበቅላል፣ አበባው ያምራል፣ ንቦች ይመጣሉ፤ ከዚያ አበባው ይረግፍና የቀረው ፈልፈል ሲያደርጉት ወይ አንድ የተጨማደደ ፍሬ ወይ ባዶ ሽፋን ይሆናል። ፍግ አንሶት እንዳይባል፣ አራሿ አህያ በሆነችበት ማሳ ፍግ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ሁለት መኸር እንዲህ አለፈ።

ሦስተኛው የዘር ወቅት ሲቃረብ አያ ጅቦ እያነከሰ ከቤቷ ደጃፍ ደረሰ።

«እንደምን አደርሽ፣ እመት ዳለቻ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ጅቦ። ምን እግር ጣለህ?»

«እንዲያው ልጁን ልጠይቅ ብዬ ነው» አለና ድንቡሼን ዞሮ ዞሮ አየው። ታፋውን በአፍንጫው ነካ አደረገ። ፊቱ ተኮሳተረ። «ኧረ ይሄ ልጅ ከስቷል! ምነው፣ አብዪው እንጂ! ይሄ እኮ ሦስተኛው መኸራችን ነው።»

እመት ዳለቻ ልጇን ወደ ኋላዋ ገፋ አደረገችው። «አያ ጅቦ፣ አንተ ሥጋ ትተህ የለም እንዴ?»

«ትቻለሁ! ማን አልተወም አለ?» ምራቁን ዋጠ። «ውል ግን ውል ነው። ውል ማፍረስ ሥጋ ከመብላት የባሰ ኃጢአት ነው። እኔ ደግሞ ነፍሴን እወዳታለሁ።»

እሱ ሲሄድ እሷ ወደ ማሳው ዳር ወርዳ አለቀሰች። አህያ ስታለቅስ ደግሞ ድምፅዋን መደበቅ አትችልም፤ አገር ይሰማል። ጥቂት እንደቆየች ከእግሯ ሥር ያለው አፈር እብጥ እብጥ አለና ከውስጡ የአባ ፍልፈል ራስ ብቅ አለ።

«እመት ዳለቻ፣ እንባሽ ቤቴ ገባ እኮ!» አለ ጢሙን እያራገፈ። «ምን ሆነሽ ነው?»

ነገረችው። አባ ፍልፈል ሰምቶ ሲያበቃ ከአፈሩ በጥርሱ ቆረጠም አድርጎ ቀመሰ፤ መልሶም ተፋው።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሥር የምበላው በዚህ አፈር ውስጥ ነው። ልንገርሽ፤ ይሄ አፈር አልጫ ነው። ፍግሽ ደህና ወጥ ነው፤ ጨው ግን የለውም።»

«ለአፈር ደግሞ ምን ጨው አለው?»

«አለው እንጂ! ጉድጓዴ ከወንዙ ማዶ፣ ከሰዎቹ የግብርና ምርምር ጣቢያ ወለል ሥር ይደርሳል። እዚያ ሆኜ ሲነጋገሩ እሰማለሁ። ዚንክ የሚሉት አለ፣ ቦሮን የሚሉት አለ። ቦሮኑ አበባው ሳይረግፍ ፍሬ እንዲቋጥር ያግዛል። ዚንኩ ተክሉን ያበረታል፣ ፍሬውም ውስጥ ገብቶ የሚበላውን ያበረታል። ልጅሽ የራበው ባቄላ አይደለም፤ ባቄላውን ራሱን የራበው ነገር ነው እሱንም የራበው።»

ይህ ቃል እመት ዳለቻን እንደ ዱላ መታት። ስታበላው የኖረችው ረሃብ ነበር ማለት ነው።

አባ ፍልፈል ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ሲወጣ በጥርሱ አንዲት ከረጢት ጎተተ። ውስጧ ነጭ ዱቄት ነበር። «ከተቀደደ ጆንያ ወለል ላይ ፈስሶ ያገኘሁት ነው፤ ሁለቱም ተደባልቀውበታል። ለዘንድሮ አንድ ቁንጥር ብቻ በውኃ በጥብጠሽ ዘሩን ንከሪበት፣ ጥላ ላይ አድርቀሽ ዝሪው። የቀረውን ለሚመጡት ዓመታት አስቀምጪ። አደራሽን፣ እንዳይበዛ! ማርም ሲበዛ ይመራል። ይሄኛው ግን መምረር ብቻ አይደለም፣ ያቃጥላል።»

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሆኖ የሚሰማ ነበር። ማን ይሆን ብላችሁ አትድከሙ፤ ቀበሮ ነው። አጥንት ከሚተርፍበት ግብዣ ቀርቶ የማያውቀው ቀበሮ፣ ድንቡሼ ከተበላ ለዋሱም አንዳች ነገር እንደሚደርሰው ከልቡ ያምናል። በሩጫ ሄዶ ለጅብ አወራለት።

አያ ጅቦ ሲደርስ ዘሩ ገና አልተነከረም። «በመሬቴ ላይ የተገኘ የእኔ ነው» ብሎ ከረጢቷን ከፊቷ አነሣ።

እመት ዳለቻ ተንኮል አታውቅምና እውነቱን ነገረችው። «አያ ጅቦ፣ ውሰደው። ግን ቁንጥር ብቻ ነው የሚፈልገው። ከበዛ ያቃጥላል ብለውኛል።»

«ቁንጥር!» ጅብ ሳቀ። የጅብ ሳቅ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አያስደስትም። «ትንሽ ይበቃል የሚል ወይ የጠገበ ነው፣ ወይ የቀረውን ሊደብቅ ያሰበ ነው።»

ቀበሮ ከጎኑ አንገቱን ነቀነቀ። «ቁንጥሩ ይህን ያህል ከጠቀመ ከረጢቱ ሙሉ ምን ያህል ሊጠቅም ነው! እንዲያውም አያ ጅቦ፣ ይህን የሚያህል ምርት ከአህያ ጋር ለምን ትካፈላለህ? መሬቱን ራሱን ለሁለት ክፈሉት። ዱቄቱን በራስህ ግማሽ ላይ አፍስሰው። ያኔ እሷ በባዶ እጇ ትቀራለች።»

ጅብ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ሦስቱም ወደ ዋርካው ሄዱ።

አንበሳ ከምሳ በኋላ ነበርና እያዛጋ ሰማቸው። «መሬቱ ይከፈል፣ እያንዳንዱ የየራሱን ይዝራ፤ ፍሬ ያጣው ወገን ፍሬ ላገኘው ከቤቱ የወደደውን ይስጥ ነው የምትለው?»

«አዎ፣ ጌታዬ!»

«ለሁለታችሁም እኩል የሚሠራ ነው?»

«ለሁለታችንም እኩል!» አለ ጅብ፤ ዓይኑ ግን ከሩቅ ድንቡሼ ላይ ነበር።

እመት ዳለቻ እምቢ ብትል የድሮው ውል ይጠብቃታል፤ እሺ ብትል ባዶ እጅ ናት። አቀርቅራ «እሺ» አለች። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ብትሰማም፣ አህያም እንዲሁ መሆኗን ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

በዘር ቀን አያ ጅቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ዘሩን እየቃመ፣ የተረፈውን በውኃ ነከረ፤ ከረጢቷን ገልብጦ ዱቄቱን ሁሉ ዘረገፈበት። እንዳይቀር ብሎ ሁለቴ አራገፋት። ባዶዋን ከረጢት ደግሞ በድንበሩ ላይ ወደ አህያዋ ወረወራት። «እንቺ! ለልጅሽ ትራስ ትሆነዋለች!» ቀበሮ በሳቅ ተንከባለለ።

እመት ዳለቻ ከረጢቷን በከንፈሯ አነሣች። ቁጣ አልነበራትም፤ ድካም ነበራት። ልትጥላት ስትል ግን በስፌቱ ውስጥ ነጭ ነገር አየች። በስፌቱ ላይ ተጣብቆ የቀረ፣ ቢሰበሰብ ከቁንጥር የማይበልጥ አቧራ ነው። ከረጢቷን ገልብጣ በእንስራው ውኃ ውስጥ አጠበቻት፣ አሸቻት፣ ጨመቀቻት። በእጣቢው ዘሯን ነከረች። ጥላ ላይ አድርቃ ዘራች። እጣቢ ነውና ተስፋዋም ከእጣቢ አልወፈረም፤ ግን ከዚያ በቀር ምንም አልነበራትም።

ዝናቡ መጣ። በጅብ ማሳ እዚህም እዚያም ጥቂት ቡቃያ ብቅ አለ፤ የቅጠሉ ጠርዝ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እሳት እንደነካው ጠቆረ። ጅብ ተጨነቀ።

«ምንድን ነው ይሄ ቢጫ?» አለ።

«ወርቅ ነው» አለ ቀበሮ። «ባቄላህ ወርቅ ሊያፈራ ነው!»

ጅብም ይህን አምኖ ሄዶ ተኛ።

በእመት ዳለቻ ማሳ አበባው ወጣ። አበባ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከዚህ በፊትም አበባ አይታ ታውቃለች። ስለዚህ በየማለዳው እየሄደች መሬቱን ታያለች፤ የረገፈ አለ ወይ ብላ። አልረገፈም። ፍሬ ቋጠረ፣ ወፈረ፣ ጎበጠ። እሸት ሲደርስ ለድንቡሼ ፈልፍላ ሰጠችው። ሰነበተና ጠጉሩ መለስለስ ጀመረ፤ ጎድኑም ተሸፈነ። አንድ ቀን ከእናቱ ጥላ ሥር ተነሥቶ ያለ ምንም ምክንያት ዘለለ፣ እንደገና ዘለለ፣ አናፋ። እመት ዳለቻ ቆማ እያየችው በደስታ አለቀሰች። ከመሬት ውስጥም ድምፅ መጣ፤ «ደግሞ ምን ሆንሽ? ቤቴን በጎርፍ ልታስወስጂው ነው እንዴ!»

አጨዳ ደረሰ። አያ ጅቦ መጥቶ ድንቡሼን ሲያይ ከንፈሩን ላሰ። የውርንጭላው ታፋ ሞልቷል። «ደርሶልኛል!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ «ለውሉ ማለቴ ነው» አለ። አንበሳን ይዞ ወደ ማሳው ሄደ።

አንበሳ በጅብ ድንበር ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ። «ምን ዘርተህ ነበር?»

«ባቄላ፣ ጌታዬ።»

«የት?»

አንበሳ ድንበሩን ተሻግሮ የአህያዋን ባቄላ ፈለፈለ። ከአንዱ ሽፋን ውስጥ ድብልብል ያሉ ፍሬዎች ተደርድረው ወጡ።

«ከእኔ ከረጢት ሰርቃ ነው!» አለ ጅብ።

«እጣቢውን ነው፣ ጌታዬ» አለች እመት ዳለቻ። «ከወረወረልኝ ከረጢት።»

«ከረጢቱን ምን ይሁንሽ ብለህ ነው የሰጠሃት?» አለ አንበሳ።

«ለ... ለትራስ።»

«እንግዲህ ትራሱ አፍርቷል። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ አንተ ቀንድም አላገኘህ። እመት ዳለቻ፣ ከቤቱ የወደድሽውን ምረጪ።»

የጅብ ቤት ውስጥ ከድሮ አጥንት በቀር ምንም የለም። እመት ዳለቻ አሰብ አደረገችና «ጀርባውን» አለች። «መኸሩ እስኪገባ ጀርባውን ያውሰኝ።»

ዋሱም አብሮ እንዲጫን ተፈለገ፤ ቀበሮ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክፉኛ ያነክስ ስለነበር ሊያግዝ አልቻለም። ማነከሱ ኮረብታውን እስኪሻገር ድረስ ብቻ ቆየ ይባላል።

ጅብ ጆንያ ተሸክሞ ያየ አልነበረምና እንስሳት ሁሉ ለማየት ወጡ። የጅብ ጀርባ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ነው፤ ጆንያው በሄደ ቁጥር ወደ ጅራቱ ይንሸራተታል። አያ ጅቦ ያቃስታል፣ ይቆማል፣ ጆንያውን ይመልሳል። ድንቡሼ በዙሪያው ይፈነጫል። በመንገዱ አጋማሽ እመት ዳለቻ አስቆመችውና ከጆንያው ግማሹን ወደ ራሷ ጀርባ አዛወረች።

«ምነው?» አለ ጅብ ተገርሞ።

«ጭነትም ልክ አለው፣ አያ ጅቦ። ከልክ በላይ ስጫን የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።»

ልጇን ሊበላባት የመጣባት ሴት ሸክሙን አቀለለችለት፤ ይህ ነገር ጅብን ከጆንያው በላይ ከበደው።

ማታ ንፍሮውን ቀቅላ ሰጠችው። በላና ለመጀመሪያ ጊዜ ንፍሮ ጉልበት ሆኖ ሲገባው ተሰማው። ሳህኑን ላሰ፤ «ጨምሪልኝ» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

«እመት ዳለቻ፣ የሚመጣው ዓመት... ቁንጥር ማለት በእኔ መዳፍ ነው ወይስ በፍልፈል መዳፍ?»

«በፍልፈል» አለችው።

ከዚህ የምንማረው መሬትም ሆነ አካል የጎደለውን ነገር ለይቶ በልኩ ያገኘ ጊዜ በቁንጥር እንደሚጠግብ፣ የጎደለውን ሳያውቁ ያለ ልክ የሚያፈሱለት ግን የያዙትንም እንደሚያቃጥሉት ነው።