ሁለት ቁልፍ ያለው አረንጓዴ ሳጥን

ደሴ ከተማ ዳርቻ፣ ቀጋ በር በሚሉት ሰፈር፣ ሰው ለሥራ የገዛውን ዕቃ ለሥራ ሲሰስተው ያዩ ሴቶች አንዲት አጭር ቃል ጣል አድርገው ያልፋሉ። ቃሏ ዛሬ ከሰፈሩ ወጥታ ገበያ ላይም ትሰማለች። ለብዙው ሰው ቀልድ ናት። ጦይባ እንድሪስ ባለችበት ግን የሚስቅባት የለም፤ ቃሏ የወጣችው ከሳቅ ሳይሆን ከአንዲት ልጅ እጅ እንደሆነ ታውቃለችና።

የቀጋ በር ቤቶች ሁሉ ጓሮ አላቸው። ጓሮው ጠባብ ቢሆንም ጎመኑም፣ ቃሪያውም፣ ድንቹም ከዚያው ይወጣል፤ ከምሳ የተረፈው ለገበያ ይሄዳል። ችግሩ አጥሩ ነው። ቀጋና አጋም ተጠላልፈው የበቀሉበት አጥር ከብት አያስገባም፤ ነገር ግን በየዓመቱ እየሰፋ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ይዘጋል። ክረምት ሳይገባ ካልተመነጠረ ውሃው ቦዩን ትቶ በጓሮዎቹ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሰኔ በገባ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ይመነጥራል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ በየደጃፉ ተቀምጦ በመርፌ እሾህ ሲያወጣ ይሰነብታል።

በዚያ ዓመት ይህ ነገር ይብቃ ተባለ። ከጓሯቸው ፍሬ ጥቂት ጥቂት አዋጥተው የእጅና የእግር መከላከያ ሊገዙ ተስማሙ፤ ገበያ ወርዶ የሚመርጥም ሦስት ሰው ተላከ። አንደኛዋ ጦይባ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በጓሮዋ የምትኖር፣ አፏ ስለታም፣ ጎመኗ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ቅናት። ሁለተኛው አባ ይማም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው አጥር ሲያጥሩ የኖሩ ሽማግሌ። ሦስተኛው ጋሽ ደምለው፣ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ድስት አውጥቶ የሚቀብር ማኅበር። ጋሽ ደምለው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። በሠላሳ ዓመት አንድ ማንኪያ አልጎደለባቸውም፤ ይህንንም ለማያውቅ ሰው ራሳቸው ይነግሩታል።

ገበያ ላይ አባ ይማም ባለሱቁን አደከሙት። መጀመሪያ ያቀረበላቸውን ወፍራም ጓንት አጥልቀው ጣታቸውን ሊያጥፉ ሞከሩ፤ እምቢ አለ።

"ይሄ ጓንት አይደለም፣ ጆንያ ነው" አሉ። "ጣት የማይታጠፍበትን ጓንት ሰው ግማሽ ሰዓት ሠርቶበት አውልቆ ይጥለዋል።"

ስሱን የጨርቅ ጓንት ደግሞ ከኮታቸው ጥግ መርፌ ነቅለው ወጉት፤ ዘልቆ ገባ። ሦስተኛው እስከ ክርን የሚደርስ የቆዳ ጓንት ነበር። መርፌው አልበሳውም። በዚያው ጓንት ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ሚስማር አነሡና "ይሄ ነው" አሉ።

"አባቴ፣ ሚስት ሲያገቡም እንዲህ መርጠው ነው?" አለ ባለሱቁ።

"እኔን የመረጠችኝ እሷ ናት። መርፌ ስላልያዘች ነው።"

ጦይባ በበኩሏ የጎማ ቡትሱን ሰፋ ሰፋ ያለውን ለየች፤ ጠባቡ ለአንድ ሰው ብቻ ይሆናል፣ ሰፊውን ግን ካልሲ የደረበ ሁሉ ይለብሰዋል ብላ። የቀረው ማስቀመጫው ነበር፤ እሱንም አስባበታለች። የውሃ ቦኖው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሚስማር የተመታበት ሳንቃ ይሰቀል። ጓንቱ ይንጠልጠልበት፣ ቡትሱ ተገልብጦ ከሥሩ ይደርደር። ዝናብ አያገኘው፣ ፀሐይ አያደርቀው። የሚሠራ ሰው ሲሄድ ያነሣል፣ ሲመለስ አጥቦ ይሰቅላል።

"የሚያልፈው ሌባስ?" አሉ ጋሽ ደምለው። "አምና የጋራው መኮትኮቻ ከዚያው ከቦኖው አይደለም የጠፋው? ንብረት ቤት ይፈልጋል።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው የሱቁ ጥግ ላይ ነበር። እዚያ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የብረት ሳጥን ተቀምጧል፤ ማዕዘኖቹ በናስ የተለበጡ፣ ፊት ለፊቱ ሁለት ቁልፍ የሚንጠለጠልበት። ጋሽ ደምለው ክዳኑን አንሥተው ለቀቁት፤ ድም አለ። ድምፁን ደግመው ሊሰሙት እንደገና አነሡት።

ሳጥኑን ለመውሰድ ከተመረጡት አሥራ ሁለት ጥንድ ጓንቶች ስድስቱን መተው ግድ ሆነ።

"የስድስት ሰው እጅ ሸጣችሁ የብረት ሆድ ገዛችሁ" አሉ አባ ይማም፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው።

ጦይባ ልትከራከር ነበር። ግን ፀሐዩ ከሯል፣ እግሯ ዝሏል፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሳጥኑ አምሯታል፤ ለምትዳር ልጅ የሚገዛ ይመስላል። "ይሁን" አለች። ይህችን "ይሁን" በኋላ ስንት ቀን ረገመቻት።

ሳጥኑ ቅሬው ዕቃ ቤት ገባ፣ ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጎን። ጋሽ ደምለው በየጓንቱ ላይ፣ በግራውም በቀኙም፣ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉ። አንዱ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ፣ ሌላው ገንዘብ ያዡ ዘንድ ሆነ፤ ገንዘብ ያዡ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሎጊያ። ዕቃው የሚወጣውም እንደ ድንኳኑ ነው ተባለ፤ ሁለቱ ባለቁልፎች ባሉበት፣ ተፈርሞ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ጦይባ ወደ ጓሮዋ የገባ አጋም ልትቆርጥ ጓንት ጠየቀች።

"አጋሙ ገና ለጋ ነው፤ በእጅሽ ቁረጪው" አሏት ጋሽ ደምለው። "አዲስ ዕቃ በየሰበቡ ከወጣ ዋናው ቀን ሲደርስ አርጅቶ ይጠብቅሻል።"

ነገሩ ልክ መሰላት። እሷም ቤት እንግዳ ካልመጣ ከቁም ሳጥን የማይወጣ ሰሐን አለ። ተመልሳ በባዶ እጇ ቆረጠች።

ከጦይባ አጥር ወዲያ የምትኖረው እታገኝ ጥልፍ ጠላፊ ናት። እናቷ ስትሞት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በጦይባ ማዕድ ነው ያደገችው። በዚያ ሰሞን ከከተማው ትልቅ የልብስ ሱቅ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ተሰጥቷታል። ጥልፉ ካማረ በቋሚነት ሊቀጥሯት ቃል ገብተዋል፤ በየሰው ቤት ሥራ ከመለመን የምትገላገለው በዚህ ቀሚስ ነው።

"እትዬ፣ እኔ ዘንድሮ ምንጣሮ አልወጣም" አለች። "ሰው ቢቆጣም ይቆጣ። እጄ ሥራ ላይ ነው።"

"ጓንት እያለልሽ? አባ ይማም በመርፌ ወግተው የመረጡት?"

"እውነት ይሰጡናል?"

"እኔ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

ምንጣሮው ቅዳሜ ማለዳ ሆነ። ጋሽ ደምለው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ፤ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ፣ የራሳቸውን ቁልፍ አዙረው ከሳጥኑ አወለቁ። ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ገንዘብ ያዡ ትናንት ጭነት ይዞ ወጥቷል፤ የሳጥኑ ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ታስሮ አብሮት ሄዷል።

"መቼ ነው የሚመለሰው?" አለች ጦይባ።

"ማክሰኞ።"

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ደመናው ከጦሳ ተራራ ላይ ጠቁሮ ወርዷል፤ ማክሰኞን የሚጠብቅ አይመስልም።

"ይሰበር" አለች ጦይባ። "በመጥረቢያ ጀርባ አንድ ጊዜ ነው።"

"እኔ ዳኛ ሆኜ ቁልፍ አይሰበርም። ዛሬ ለጓንት ከሰበርን ነገ ለምን ልንሰብር ነው? ደግሞ ሳጥኑ አዲስ ነው።"

"ጋሽ ደምለው፣ ውስጡ ያለው እኮ ለዛሬ የተገዛ ነው።"

"አውቃለሁ። አንድ ቀን ምንም አይደል። አባቶቻችን በባዶ እጃቸው አይደል የመነጠሩት?"

"አባቶቻችን ሳጥን አልገዙማ" አሉ አባ ይማም።

ሰው ሳቀ፤ ነገሩንም የጨረሰው ያ ሳቅ ነው። የሳቀ ሰው የተናገረ ይመስለዋል። መጥረቢያው ከግድግዳው ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ያነሣው ግን የለም፣ ጦይባም ብትሆን።

እታገኝ ወደ ቤቷ ሁለት እርምጃ ሄደችና ዞር አለች። ሴቶቹ እያዩዋት ነው። የእሷ ጓሮ ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ያለው ነው፤ ቦዩ ከተዘጋ ጎርፉ መጀመሪያ የሚገባው እሷ ዘንድ ነው፤ ሰው ለእሷ ጓሮ ሲደማ እሷ መርፌ ይዛ ልትቀመጥ አልሆነላትም። የነጠላዋን ጫፍ በቀኝ እጇ ላይ ጠምጥማ ተመለሰች።

"ብቻ እጅሽን ጠብቂ" አለቻት ጦይባ። ሂጂ፣ ግቢ ማለት ነበረባት። አላለችም።

የአጋም እሾህ ቀጥ ያለ፣ ረጅም ነው፤ ነጠላ አያቆመውም። እኩለ ቀን ሲቃረብ በእታገኝ መዳፍ፣ ከጠቋሚ ጣቷ ሥር ገብቶ ውስጥ ተሰበረ። እጇን መጠጠችና ሥራዋን ቀጠለች። ቦዩ ተጠረገ፤ ማታውኑ የዘነበው ዝናብ በመንገዱ ሄደ፤ ሰፈሩም ተመሰጋገነ።

ማክሰኞ ገንዘብ ያዡ ተመለሰ፤ ስለ ሳጥኑ የጠየቀው ግን አልነበረም። ረቡዕ የእታገኝ መዳፍ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ሐሙስ ጦይባ ደግፋ ሆስፒታል አደረሰቻት። ሐኪሙ መዳፏን ከፍቶ የእሾሁን ስባሪ ከጅማቱ ውስጥ አወጣ። ጣቱ ከመቆረጥ ተረፈ፤ መታጠፉ ግን ቀረ። መርፌ የሚይዝ ጣት ካልታጠፈ ጥልፍ የለም። ሱቁ ቀሚሱን ወስዶ ለሌላ ጠላፊ ሰጠ።

በወሩ መጨረሻ ቅሬው ተሰበሰበ። የዓመቱ ንብረት የሚታይበት ቀን ነበር። ጋሽ ደምለው ሁለቱንም ቁልፎች ይዘው ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱ፤ ጓንቶቹንም አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ አንድ ቁጥር ቀኝ፣ አንድ ቁጥር ግራ። የአዲስ ቆዳ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"እንደምታዩት" አሉ፣ "አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተጫረም።"

ከፊት የተቀመጡት አጨበጨቡ።

ጭብጨባው ጦይባን ከመቀመጫዋ አስነሣት። እታገኝ ከጎኗ ናት፤ በፋሻ የታሸገ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋለች።

"ተቀመጪ እንጂ ጦይባ" አሉ ጋሽ ደምለው። "የልጅቱም ነገር አልተረሳም። በደንቡ መሠረት የሕመም ጥየቃ ይደረግላታል።"

"አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህች ልጅ ሞታ ቢሆን ድንኳኑን በስንት ሰዓት ያወጡት ነበር?"

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?"

"በስንት ሰዓት?"

"ወዲያው ነዋ። ለዚያ አይደል የተቀመጠው?"

"ቁልፍ ያዡ ባይኖርስ?"

ከኋላ አንዲት ሴት፣ "የመሐመድ እናት ያረፉ ጊዜ በሩ ተሰብሮ ነው ድንኳኑ የወጣው" አለች።

"ማን ሰበረው?" አለች ጦይባ፣ ዓይኗን ከዳኛው ሳትነቅል።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ደምለው። "ሬሳ ይጠብቃል እንዴ?"

"ለሬሳ የሚሰበር ቁልፍ ነው ለደህና ሰው እምቢ ያለው። እንግዲህ ቀጋ በር ላይ ክብር የሚያገኘው የሞተ ነው ማለት ነው።" ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰማት። "ጥፋቱን ብቻዎን ይሸከሙት አልልም። ሳጥኑን ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አምሮኝ። ለዚህች ልጅ ጓንት አለልሽ ያልኳት እኔ ነኝ። መጥረቢያው አጠገቤ ቆሞ ስትስቁ አብሬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ግን ለዚህ አታጨብጭቡ። ሌባ ወስዶት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ቢያንስ ያጠልቀው ነበር።"

"እኔ እኮ እንዳይጠፋባችሁ ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ደምለው። ደግመው ሊሉትም አስበው ተዉት።

እታገኝ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። በግራ እጇ የአራት ቁጥሩን ቀኝ አነሣችና በታሸገው እጇ ላይ ልታጠልቀው ሞከረች። የማይታጠፈው፣ በፋሻ የወፈረው ጣት ደጃፉ ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ ገፋችው፣ ሁለት ጊዜ ገፋችው፤ ከዚያም ጓንቱን እንደነበረ፣ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋ፣ ቦታው ላይ መለሰችውና ተቀመጠች። ያጨበጨቡት ሰዎች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

የቅሬው ጸሐፊ ብዕሩን እንደያዘ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ።

"ታዲያ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ንብረቱ የተሟላ ሆኖ ተገኝቷል ልበል?"

አባ ይማም ከአግዳሚው ጫፍ፣ ምርኩዛቸውን ሳያነሡ፣ "ጻፍ" አሉት፤ "ጓንት በቁልፍ፣ እሾህ በመዳፍ።"