ድልድዩ ከዋርካው ሥር ለምን አልቆመም

በአይጠጌ ወንዝ ዳር ሰው ሥራውን ይዞ ሙገሳ ፍለጋ ሲዞር ካዩት፣ ሽማግሎቹ አንዲት ቃል ጣል አድርገውበት ያልፋሉ። እንግዳ ሲሰማት የጥንት ቃል ትመስለዋለች። የመጣችው ግን ከዩኒቨርሲቲ ነው። ተረትና ምሳሌ ሁሉ ከቅድመ አያት ብቻ የሚወረስ የሚመስለው ካለ፣ እንግዲህ ጆሮውን ያውሰኝ።

አይጠጌ በበጋ ፍየል የሚሻገረው ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ስሙን ያወጡለት ሰዎች እንዳልዋሹ ያሳያል። ገበያ የዋለ ሰው ደራሽ ውኃ ከቀደመው፣ የቤቱ ጭስ እየታየው ማዶ ያድራል። ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች፤ እናቷ ስንቴ ማዶ አድራለች። ጨቅላው ወንድሟ ጡት ፈልጎ ሲያለቅስ፣ ትርንጎ አዝላ እሹሩሩ እያለች አብራው ያለቀሰችውን አትረሳም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምህንድስና ስትማር፣ የመመረቂያ ሥራዋ ምን እንደሚሆን ማንንም አልጠየቀችም። ለአይጠጌ በብረት ገመድ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ነደፈች። አንድ የእርዳታ ድርጅትም ሁለት መምህራን ከፈረሙበት ብረቱንና ሲሚንቶውን እኔ እችላለሁ አለ። ድንጋዩና ጉልበቱ የመንደሩ ሆነ።

ሽማግሎቹ የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነው። ድልድዩ ከዋርካው ሥር ይነሣ አሉ። ወንዙ ዳር ያለው ዋርካ የሚሸመግሉበት፣ ሙሽራ የሚመርቁበት ጥላ ነው፤ ድልድይን የሚያህል ነገር ከሌላ ቦታ ይነሣል ብሎ ያሰበም አልነበረም። እሷም የመንደሩ ልጅ ናትና ሐሳቡ ደስ አላት፤ እንደተባለችው ነደፈች።

መጀመሪያ የወሰደችው ለዶክተር ልዑልሰገድ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ተማሪ ሲከፋው ማየት አይሆንላቸውም። ንድፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ "ጎበዝ! በጣም ጎበዝ ልጅ ነሽ" ብለው ፈረሙላት። የእሳቸው "ጎበዝ" እንደ ዝክር ንፍሮ ለመጣው ሁሉ የሚዘገን ነው። ቢሆንም ማን ይጠላል? ትርንጎ ከቢሮው እንደወጣች ለመንደሩ ሽማግሌ ለአያ ሙላት ደወለችና ዶክተሩ ጎበዝ አሉኝ አለቻቸው። መንደሩም በዚያው ቀን ድንጋይ ማጋዝ ጀመረ።

ሁለተኛዋ ፈራሚ መምህርት አልጣሽ ነበሩ። እሳቸውን ተማሪው ይፈራቸዋል፤ ብዙ አይተው ትንሽ ስለሚናገሩ። ትርንጎ ከዚያ በፊት በአንድ ሌላ መምህር እጅ ሥራዋ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሞልቶ ተመልሶላት ያውቃል። ከየት ጀምራ እንደምታቃናው ጠፍቷት አልጋዋ ሥር ወሸቀችው። አሁንም ያው ይመጣብኛል ብላ እየፈራች ንድፉን ዘረጋችላቸው።

መምህርት አልጣሽ ብዕር አላነሡም። እያንዳንዱን ገጽ አዩ፤ ተመልሰውም አዩ።

"ይህን መወጣጫ እንዳትነኪው" አሉ በመጨረሻ። "ደረጃ ብታደርጊው ኖሮ አህያ አይወጣውም ነበር። አስበሽበታል። ጭነቱን ያሰላሽበትም መንገድ ልክ ነው።"

ያኔ መምህርቷ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ፤ ገመዱ የሚታሰርበት መሠረት ላይ፣ ከዋርካው ሥር።

"እዚህ ጋ" አሉ።

"ምን ሆነ መምህር?"

"አገሩ ያንቺ ነው፤ አንቺ ንገሪኝ። አፈሩ ምንድን ነው?"

"ኮትቻ ነው፤ ጥቁር አፈር።"

"ክረምት ሲመጣ ምን ይሆናል?"

ትርንጎ ወደ ንድፉ ጎንበስ አለች። መምህርቷም አልረዷትም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ትርንጎ የታያት የአባቷ አጥር ነው። ከዋርካው ጎን ያለው አጥር በየመስከረሙ ይዘማል፤ አባቷ ቋሚውን ሲያቃና እሷ ትደግፍለት ነበር።

"ክረምት ያብጣል" አለች ቀስ ብላ። "በጋ ይሰነጠቃል። የተከሉበትን ነገር አያቆምም።"

"ታዲያ መሠረቱስ?"

"እሱም ይዘማል፤ ከነሰዉ።" እናቷ ከነሸክሟ ድልድዩ ላይ ታየቻት። "ምን ላድርግ መምህር? ይንገሩኝ።"

"እኔ ከነገርኩሽ ድልድዩ የእኔ ይሆናል። ሄደሽ አፈሩን እይና ተመለሺ፤ እንደገና አብረን እናየዋለን። የቀረው ሥራሽ ባለበት ነው፤ አልፈረሰም።"

ትርንጎ ከዚያ የወጣችው ልቧ ተሰብሮ አልነበረም፤ እሷንም ገረማት። የሚቃናው የቱ እንደሆነ አውቃለች፤ የሚያኮራውም የቱ እንደሆነ ተነግሯታል። ወደ አገሯ ወርዳ ወንዙን ሽቅብ ተከተለችው። ከዋርካው ከፍ ብሎ ሴቶች ልብስ የሚያሰጡበት ጥቁር ዓለት አለ። በመዶሻ ብትመታው መዶሻው ነጠረ። በንድፉ ላይ መሠረቱን ወደዚያ አዛውራ ተመለሰች። መምህርት አልጣሽም ቃላቸውን ጠብቀው እንደገና አዩ፤ ጠይቀው ጠይቀው መልስ ሲያገኙ ፈረሙላት።

የቀረው ጣጣ ሽማግሎቹ ነበሩ። ከዋርካው ሥር የተከመረውን ድንጋይ አንሡና ዓለቱ ጋ ውሰዱ ስትላቸው አያ ሙላት ተቆጡ።

"ዶክተሩ ጎበዝ አሉኝ ብለሽ የደወልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ አያ ሙላት።"

"ታዲያ ዶክተር ያጸደቀውን ማን አፈረሰው?"

"መምህርቴ እዚህ ጋ አሉኝ።"

"እዚህ ጋ ብለውስ?"

"እዚህ ጋ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ራሴ መለስኩ። እስቲ እርስዎም ይመልሱልኝ። የአባቴን አጥር ስንት መስከረም አብረውት አቃኑ?"

አያ ሙላት ወደ አጥሩ ዞር አሉ። ዘንድሮም ዘሟል። ጢማቸውን አሻሹና፣ "በይ እሺ፣ ክረምት ይፍረደን" አሉ። ድንጋዩ ተጋዘ፤ ድልድዩም ከዓለቱ ላይ ቆመ።

ክረምቱ ለመፍረድ አልዘገየም። አንድ የገበያ ቀን ከላይ አገር ዝናቡን ሲያወርደው ዋለ። አያ ሙላት አህያቸውን እየነዱ፣ የትርንጎ እናት ቅርጫቷን ይዛ፣ ሌላውም ገበያተኛ ተከታትሎ ከገበያ ሲመለስ ወንዙ ዳር ሲደርስ አይጠጌ ያገሳል። ድልድዩን ለማየት ከተማ አድረው የመጡት መምህርት አልጣሽም አብረዋቸው ነበሩ። ትርንጎ በመንደሩ በኩል ቆማ ትጠብቃለች።

ሁሉም መጀመሪያ ያየው ዋርካውን ነው። ከሥሩ ያለው ዳር ተንዶ፣ ግማሽ ሥሩ አየር ላይ ቀርቶ፣ ወደ ወንዙ አዘንብሏል። መሠረቱ ሊያርፍበት የነበረው ቦታ የለም። ሴቶቹ አማተቡ። ድልድዩ ግን ከዓለቱ ላይ ንቅንቅ አላለም።

የትርንጎ እናት ቀድማ ተሻገረች፤ ቅርጫቷን ጥላ ልጇን አቀፈቻት። አህያውም አንዴ አሽትቶ ሄደ። መምህርት አልጣሽ መካከል ሲደርሱ ቆም አሉና የመደገፊያውን ሽቦ ነካ አደረጉ።

"ድንቅ አድርገሽ ሠርተሽዋል ትርንጎ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከዚያ ጣታቸውን አንዲት ብሎን ላይ አሳረፉ። "እዚህ ጋ ግን።"

ትርንጎ ዕንባዋ ሳይደርቅ እየሳቀች መፍቻ ልታመጣ ሮጠች። ሰውም ሳቀ። ድልድዩ ላይ የነበሩት አያ ሙላት ግን አልሳቁም፤ ያዘነበለውን ዋርካ አዩ፣ በእግራቸው ሥር የሚያልፈውን ደራሽ አዩ፣ ከዚያ ከኋላቸው ወደቆመው ገበያተኛ ዞረው እንዲህ አሉ፦ "ስሙማ፣ ጎበዝ ባይ ማዶ ያሳድራል፤ እዚህ ጋ ባይ ያሻግራል።"