በሩ አጠገብ የተቀመጠው የክብር ወንበር

አንድ እህል ነጋዴ ነበረ። ስሙ ይርዳው ይባላል። በአንዲት የገበያ ከተማ ከሁሉ የሚበልጥ መጋዘን ያለው፣ እጁ የማይሰስት፣ ግን ትንሽ ታይታ የሚወድ ሰው ነው። ታይታ መውደዱን ራሱም ያውቃል፤ "ሰው ካላየው ደግነት ምን ይጣፍጣል?" እያለ በራሱ ላይ ይስቃል።

ከዕለታት አንድ ቀን ፋናዬ የምትባል የዚያች ከተማ ልጅ ሕክምና ተምራ ልትመረቅ፣ በዚያ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ ልትሸለም ነው የሚል ወሬ መጣ። ምርቃቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ አይችሉም። ልጃቸውን ካዩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ለዚያች ቀን ያላቸው ተስፋ አንድ ብቻ ነው፤ ስሟ ተጠርቶ ወደ መድረክ ስትወጣ በስክሪን ማየት።

"ከተማው በሙሉ በእኔ መጋዘን ያያታል፤ እናቷም ከሁሉ ፊት ሆነው" አለ ይርዳው። ሄዶም ግድግዳ የሚሞላ ስክሪን ገዝቶ መጣ። ስክሪኑ በአንድ ትልቅ አደባባይ ላይ ማስታወቂያ ሲያሳይ የኖረ ነው። ሻጩ ከዚያ ያነሰ ግን ጥርት ያለ ሌላ ስክሪን አሳይቶት ነበር። ይርዳው ግን "ልጅቷ የምትሸለመው ሜዳሊያ ነው፤ ምን በወጣኝ ትንሽ የምገዛው?" ብሎ አለፈው።

የምርቃቱ ዕለት ጠዋት ጆንያው ወደ ጓሮ ወጥቶ ወንበር ተደረደረ። በዚያ አገር ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተከበረ ሰው ፊት ይቀመጣል። ቄሱ፣ ሼኩ፣ ዳኛው ፊት ሆኑ። ከእነሱ ቀጥሎ ሌላው ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕረጉ ተደረደረ። ጆንያ ተሸካሚዎቹ በመጨረሻ በሩ ጋ ቆሙ። ወይዘሮ የሻረግ በምርኩዝ ሲገቡ ሰው ሁሉ "ኖር" ብሎ ተነሣ። እሳቸውም "በእግዜር፣ ተቀመጡ" እያሉ አለፉ። ይርዳው ወንበራቸውን ከቄሱም ከዳኛውም አስቀድሞ፣ ከስክሪኑ ሦስት እርምጃ ላይ አኖረላቸው።

ስክሪኑ ተከፈተ። ፊት የተቀመጡት ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ ማድረግ ያዙ። የሚታያቸው ሰው ሳይሆን ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ዳኛው ወደ ሼኩ ጠጋ ብለው "ምርቃት ነው ወይስ በረዶ እየዘነበ ነው?" አሏቸው።

ይርዳው ከወይዘሮ የሻረግ ጎን ተንበረከከ። "ይታይዎታል እማማ?"

"የሚያብለጨልጭ ነገርስ አያለሁ ልጄ። ሰው ግን አላየሁም።"

ነጋዴው ደነገጠ። የሚያውቀው አክብሮት አንድ ነውና ወንበራቸውን ከነምርኩዛቸው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋው። "አሁንስ?"

"አሁንማ ባሰበት።"

ደግሞ ገፋው። የአሮጊቷ አፍንጫ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። ይህን ጊዜ ከበሩ በኩል አንዱ ተሸካሚ ለጓደኛው "እንዴት ጥርት ብሏል እባክህ፤ የአንዷን ተመራቂ የጆሮ ጉትቻ እንኳ አየሁት" ሲለው ተሰማ። ፊት ያሉት የተፌዘባቸው መስሏቸው ዞረው በቁጣ አዩት።

የስክሪኑን መስመር የዘረጋው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉልላት ይባላል። ሰው እየገፋ መጣ።

"ጋሼ፣ ስክሪኑ ደህና ነው። የተበላሸው የወንበሩ ቦታ ነው" አለ።

"ቦታው ምን ሆነ?"

"ቀረበ። እርስዎ የእህል ሰው ነዎት፣ በእህል ላስረዳዎት።" ከጥግ አንድ እፍኝ ጤፍ ወስዶ ወለሉ ላይ በተነ፤ ከጎኑ ደግሞ ባቄላ አራርቆ አፈሰሰ። "ጤፉ ምን ይመስላል?"

"አንድ ጨርቅ።"

"ባቄላውስ?"

"ባቄላውማ ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል።"

"አሁን መሰላሉ ላይ ወጥተው ይዩት።"

ይርዳው ጆንያ የሚደረደርበት መሰላል ላይ ወጣ። ቁልቁል አየ። ከዚያ ላይ ሆኖ ሲያየው ባቄላውም ገጥሞ አንድ ምንጣፍ መስሎ ነበር።

"ስልክዎ ጤፍ ነው" አለው ጉልላት ከታች። "ነጥቡ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አፍንጫዎ ሥር አድርገው ቢያዩትም ያምራል። ይኸኛው ባቄላ ነው። ከመንገድ ማዶ እንዲታይ ስለተሠራ ነጥቡ የተራራቀ ነው። ነጥብ ሲራራቅ ዓይንም መራቅ አለበት።"

"ታዲያ የዛሬዋን እመቤት በር ላይ ከተሸካሚ ጋር ላስቀምጣቸው? አገር ምን ይለኛል?"

"አገሩ ያለውን ይበል። እሳቸው ምን ያያሉ?"

ይርዳው ዞሮ ወደ በሩ አየ። ከድምፅ ማጉያው የሕክምና ተመራቂዎች ስም መጠራት ጀመረ። ወይዘሮ የሻረግ ተራው መድረሱን ሰምተው እጃቸውን እቅፋቸው ላይ አጣመሩ። "ግድ የለም ይርዳው፣ አትጨነቅ" አሉት። "ስሟን ሲጠሩት ብሰማ ይበቃኛል።"

ይህች ቃል የነጋዴውን አንጀት በላችው። ካፖርቱን አውልቆ ጣለና "ያዙልኝ" ብሎ ወደ ተሸካሚዎቹ ተጣራ። ከእነሱ ጋር ሆኖ አሮጊቷን ከነወንበራቸው አነሣ። ጆንያ ከተሸከመ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ትከሻው ግን አልረሳም። "ምነው ከክብር ቦታቸው አነሷቸው?" የሚል ጉምጉምታ ተሰማ። ይርዳው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ እንዳደረጉ ወደ ኋላ ይዘዋቸው ሄዱ። ከስክሪኑ አምስት እርምጃ ሲርቁ በረዶው ጥቁር ካባ ሆነ። ስምንት ላይ ካባው ሰው ሆነ፤ ብዙ ሰው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የለበሰ። አሥራ ሁለት ላይ፣ ልክ በሩ ጋ ሲደርሱ፣ "ዶክተር ፋናዬ" ተብሎ ተጠራ።

"ያቻት" አሉ ወይዘሮ የሻረግ። "ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ቦታ ትታየኛለች። ልጄ ናት።"

እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ቄሱ ወንበራቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ወደ በሩ መጡ። ሼኩ ተከተሉ። ዳኛው ትንሽ ይሉኝታ ይዟቸው ቆዩና እሳቸውም ሳቅ እያሉ ተነሡ። ተሸካሚዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልልቅ ሰዎች "እኛ ጋ ኑ" አሏቸው።

ደስታው ጋብ ሲል ወይዘሮ የሻረግ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ይርዳውን አዩት። "የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ?" አሉት። "ቤት ሳለች 'ውሃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ' ከማለት በቀር አስተውያት አላውቅም። ከሄደች በኋላ ስድስት ዓመት ራቀችብኝ ብዬ አማረርኩ። ለካ ጥርት ብላ የታየችኝ ስትርቅ ነው።"

ይርዳው በማግስቱ ከስክሪኑ አሥራ ሁለት እርምጃ ለክቶ ወለሉ ላይ ነጭ መስመር አሰመረ። እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ የክብር እንግዳ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ አርፍዶ የመጣ ግን ፊት ሄዶ በረዶ ያያል። ነጋዴው ታይታ መውደዱን አልተወም፤ አሁን የሚኮራው በመስመሩ ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ ነገር ጥርት ብሎ የሚታየው በነጥቡ ጥግግት ብቻ አይደለም፤ አንተ በቆምክበት ቦታም ነው። እንደ ጤፍ የጠበቀውን ቀርበህ እይ፤ እንደ ባቄላ የተራራቀውን ራቅ ብለህ እይ። ሰውም እንደዚሁ ነው። የአንዳንዱን መልካምነት ለማየት አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል። አንዳንዱን ግን ስህተቱን ፍሬ በፍሬ መቁጠር ትተን ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ካላልን ሙሉ መልኩ አይታየንም። ሰውን ማክበርም ቢሆን እኛን በሚያስመሰግነን ቦታ ማስቀመጥ ሳይሆን እሱ በሚያይበት ቦታ ማስቀመጥ ነው።

አንተስ፣ "አልታይህ አለኝ" እያልክ የምታማርረው ሰው ማን ነው? ከእሱስ ስንት እርምጃ ላይ ነው የቆምከው?